ታምራት ያንቀላፋበት የሰርጓጅ መርከብ ታሪክ

ከጆሃንስበርግ ከተመለስኩ ወዲህ ሆሳዕና ላይ ያገኘኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ወርቅና ስለ ፎቅ ነው። ወርቅ አላየሁም። ፎቁንም ያየሁት ከሩቅ፣ በመኪና መስኮት ነው። ይዤ የመጣሁት አንዲት ሰርጓጅ መርከብ ከተሠራችበት ቀን ጀምሮ ተቆራርጣ ለብረት እስከተሸጠችበት ቀን ድረስ ያሳለፈችውን ታሪክ ነው። ይህን ስናገር ሰዎች ይስቃሉ፤ ጆሃንስበርግ ባሕር የላትማ። መጀመሪያ እኔም ስቄ ነበር። ስለዚህ ወደዚያ ለመሄድ ሐሳቡም ቲኬቱም ለሌላችሁ ወዳጆቼ ነገሩን ከመነሻው፣ በየቀኑ እንደሆነው ላስቀምጥላችሁ።

ቀን አንድ፤ ሐሙስ

የተጠራሁት ለሽምግልና ነው። የእህቴ ልጅ ታምራት ጆሃንስበርግ ከገባ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ኮዝሞ ሲቲ በሚባል ሰፈር፣ እዚያ ስፓዛ የሚሉትን ትንሽ የሰፈር ሱቅ ይዟል። መድኃኒት ቤት ከምትሠራ ሜሊሳ ከምትባል የአገሬው ልጅ ጋር ተዋደዱ። ሊጋቡ ሲሉ ግን አባትየው እንቢ አሉ። ምክንያቱን በስልክ ሲነግረኝ መስመሩ የተበላሸ መስሎኝ ሁለቴ አስደገምኩት።

"ጋሼ፣ ስለ መርከባቸው እየነገሩኝ እንቅልፍ ወሰደኝ" አለኝ።

አባትየውን ሰው ሁሉ አንክል ፍሬድ ይላቸዋል፤ እኛ ጋሼ እንደምንለው ነው። በወጣትነታቸው፣ አገራቸው አንጎላ ላይ በምትዋጋበት ዘመን፣ በባሕር ኃይል ሰርጓጅ መርከብ ላይ ወጥ ቤት ነበሩ። የመርከቧን የአገልግሎት ታሪክ ራሳቸው ጽፈው በአንድ ሰማያዊ ክላሴር ይዘዋል። ልጃቸውን የሚፈልግ ሰው ቁጭ ብሎ ሊያዳምጥ ግድ ነው። ታምራት አንድ እሑድ ምሳ ተጋብዞ ሄደና ምዕራፍ ሁለት ላይ አንኮራፋ። ክላሴሩ ጧ ብሎ ተዘጋ። "በጥበቃ ተራው ላይ የሚተኛ ሰው ልጄን አይጠብቅልኝም" አሉ። ሜሊሳም አባቴ እሺ ሳይል አላገባም አለች። ታምራት ሲጨንቀው አጎቱ በአንድ ወቅት የባሕር ኃይል ሰው እንደነበር ትዝ አለውና ቲኬት ላከልኝ።

እውነት ነው፣ ምጽዋ ላይ በጥበቃ ጀልባ ምልክት ሰጪ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ ግን ጡረታ እስክወጣ ድረስ የውሃ ፓምፕ ስጠግን ነው የኖርኩት። ሰርጓጅ መርከብ በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ይህን ለእህቴ ብነግራት "አንተ ደግሞ፣ ባሕር ባሕር ነው፤ ዝም ብለህ ሂድ" አለችኝ።

ሐምሌ ስለነበር ከሆሳዕና የወጣነው በዝናብ ነው። ቡታጅራ ሳንደርስ የሚኒባሱ ጎማ ፈነዳ፤ መለዋወጫው ከፈነዳውም የባሰ ሆኖ ተገኘ። ሹፌሩ ከሌላ መኪና ጎማ ተውሶ እስኪመጣ ድረስ አንዲት ሴት ለሁላችንም ቆሎ አደለችን፤ እኛም የአገሩን ፖለቲካ አንድ በአንድ አስተካክለን ጨረስን። አዲስ አበባ ያደርኩበት አልቤርጎ አልጋው መሐሉ የጎደጎደ ነበር። ሆኖም ሙቅ ውሃ ነበረው፤ ፓምፕ ሲጠግን ለኖረ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ቀን ሁለት፤ ዓርብ

አውሮፕላኑ ስድስት ሰዓት ገደማ ፈጀበት። ምግቡ ጥሩ ነው፤ ዳቦው ግን እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል። ጆሃንስበርግ ስንደርስ ሻንጣዬን የፈተሸችው ሠራተኛ እህቴ ለሙሽሪት ቤት የላከችውን ቅቤ አወጣችና ደንቡ አይፈቅድም አለች። ቅቤው እዚያው ቀረ። ቀጥላ የቡላውን ጥቅል አሽትታ "ይህስ?" አለችኝ። እንሰት በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል የት አውቄ፤ "ሙዝ ይመስላል፣ ግን ሙዝ አይደለም" አልኳት። ከባልደረባዋ ጋር ተያይተው ሳቁና አሳለፉልኝ።

ታምራት ወፍራም ጃኬት ለብሶ ጠበቀኝ። ያቀፈኝም እኔን ለማሞቅ ጭምር ይመስለኛል፤ የእነሱ ክረምት ደረቅና አጥንት የሚሰብር ብርድ ነው። የእኛ ሐምሌ ጭቃ ነው፣ የእነሱ አቧራ። ቤቱ ሁሉ አጥር አለው፣ አጥሩ ላይ ሽቦ አለ፣ መስኮቱ ላይ የብረት ፍርግርግ አለ። መጀመሪያ ሁሉም እስር ቤት መስሎኝ ነበር።

የታምራት ሱቅም እንዲሁ ነው። ደንበኛው ውጭ ቆሞ በፍርግርጉ ቀዳዳ ይጠይቃል፤ ታምራት ዳቦውን፣ ዘይቱን፣ የስልክ ካርዱን በዚያው ያቀብላል። ስሙን የሚጠራው የለም፤ ሁሉም "ማይ ፍሬንድ" ነው የሚሉት። እሱም "ሳውቦና" ይላል፣ እነሱ "ንጃኒ" ይላሉ፤ እንደምን ዋልክ መባባላቸው ነው። እኔም ስሞክር አንዲት አሮጊት ደስ ብሏቸው ደገሙልኝና አስተካከሉኝ። ቤተሰቡን ሁሉ ዘርዝሮ መጠየቅ የለም፤ አንድ ቃል ወዲህ፣ አንድ ቃል ወዲያ፣ አለቀ። የሆሳዕና ሰው በዚህ ፍጥነት ሰላም ቢባል እንደተሰደበ ነው የሚቆጥረው።

መኝታው ከሱቁ ጀርባ፣ በዱቄት ጆንያና በለስላሳ ሳጥን መሐል ነው። አልጋውን ለእኔ ለቆ እሱ ካርቶን ላይ ብርድ ልብስ አነጠፈ። ብንከራከርም አላሸነፍኩትም።

ቀን ሦስት፤ ቅዳሜ

ዛሬ ሥራዬ ታምራትን ማየት ነበር። በእነሱ አቆጣጠር አምስት፣ በእኛ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይከፍታል፤ ወደ ሥራ የሚሄዱት ሰዎች ዳቦ የሚፈልጉት ያኔ ነው። የሚዘጋው ከመሸ፣ የመጨረሻው ታክሲ ሰው ካራገፈ በኋላ ነው። ምሳውን ቆሞ በላ። ጣራው ሥር በገመድ የተንጠለጠሉ ባዶ ቆርቆሮዎች አይቼ ለምን እንደሆኑ ጠየቅሁት።

"ሌቦች ጣራ ቀደው ይገባሉ ጋሼ። ቆርቆሮው ከተንኳኳ እነሳለሁ። እኛ እዚህ የምንተኛው በጆሮ ነው" አለኝ። እየሳቀ ነበር የነገረኝ። ሌሊቱን ግን ውሻ በጮኸ ቁጥር ከካርቶኑ ቀና ሲል ሰምቼው ነበርና እኔ አልሳቅሁም።

ከሰዓት ሸምሱ በፒካፑ መጣ። ሸምሱ የስልጤ ሰው ነው፤ ጅምላ ያከፋፍላል፤ ዕድሜው ከእኔ ያንሳል እንጂ በዚያ አገር ትልቅ ሰው ነው። ሁለተኛው ሽማግሌ እሱ ነው። ሦስተኛ ፈልገን አጣን፤ ሰው ሁሉ ሱቁ ላይ ነው። ታምራት ራሱ ደግሞ አይሄድም፤ ሽማግሌ ልኮ አብሮ የሚሄድ የት አለ።

"ነገ ስንት ሰዓት እንሂድ?" አለ ሸምሱ።

"ሽምግልና መቼም በጧት ነው። ጎሕ ሲቀድ በራቸው ላይ እንገኛለን።"

"ጋሼ ኤርሱሞ፣ እዚህ አገር ሳይደውሉ አይኬድም። ስንደርስ ገና ጨለማ ነው። ሰዉም እሑድ እሑድ አርፍዶ ነው የሚነሳው።"

"እኮ። ተኝተው ካገኘናቸው እንደጨነቀን ያውቃሉ።"

ሸምሱ ጥቂት አሰበና ትከሻውን ነቀነቀ። ይህን የምጽፈው ጥፋቱ የማን እንደነበር ተመዝግቦ እንዲቀመጥ ነው።

ቀን አራት፤ እሑድ

አንክል ፍሬድ የሚኖሩት በደቡቡ በኩል፣ ሮዘተንቪል ነው። ከኮዝሞ ሲቲ ከተማውን ሰንጥቆ መሄድ ነው፤ ፎቁን ያየሁትም ያኔ ነው። ገና ሳይነጋ ደረስን። እኔ በሱፌ ላይ ጋቢ ደርቤያለሁ፤ ሸምሱም ለብርዱ ፊቱን በሻርፕ ሸፍኗል። በአጥሩ በር ፊት ጎን ለጎን ቆመን ባርኔጣችንን አወለቅን። ደወሉን አልነካነውም፤ ቆመው ይጠብቁ ነበር እንዲባልልን ፈልጌ ነው።

መጋረጃ ተገለጥ ብሎ ተዘጋ። ወዲያው ጆሮ የሚበጥስ ሳይረን ጮኸ፤ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ተቀበለው። ብዙም ሳይቆይ የጥበቃ መኪና መጥቶ ሁለት ጠብደል ዘበኞች እጃችንን አጥሩ ላይ እንድናደርግ አዘዙን። ጋቢዬ መሬት ወደቀ። ሸምሱ በሚያውቀው ቋንቋ ሁሉ ለመነ። በመጨረሻ አንክል ፍሬድ በፒጃማና በነጠላ ጫማ፣ እጃቸው ላይ ጭልፋ ይዘው ወጡ። አጭር፣ ሆዳቸው ቀደም ያለ፣ ዓይናቸው ትንንሽ ሰው ናቸው።

"ምን ፈልጋችሁ ነው?" አሉ።

"ልጅዎን ልንጠይቅ ነው የመጣነው" አለ ሸምሱ፣ እጁ እንደተሰቀለ።

"በዚህ ሰዓት?"

እኔ የቀረችኝን የባሕር ኃይል እንግሊዝኛ ሰብስቤ፣ ምልክት ሰጪ ኤርሱሞ ነኝ፣ ከቀይ ባሕር፣ አልኩ። አንክል ፍሬድ ጭልፋቸውን ዝቅ አደረጉ። ዘበኞቹን አሰናበቱና ጋቢዬን አንስተው አቧራውን አራገፉልኝ። "የባሕር ሰው እንዲህ ዓይነት ስህተት ይሠራል?" አሉኝ። "ነገ በዓል ነው፤ ሥራ የለም። ከምሳ በኋላ ኑ። ግን የመጣ ሰው እስከ መጨረሻው ነው የሚሰማው።"

የቀረውን ቀን ሸምሱ ቤት ሻይ ስንጠጣ ዋልን። ሚስቱ ታሪኩን በሰማች ቁጥር እንደ አዲስ ትስቃለች፤ ጎረቤቶቿንም እየጠራች አስደገመችኝ። ታምራት ግን በስልክ ሲሰማ አልሳቀም። "አበቃ ማለት ነው ጋሼ?" አለኝ። አላበቃም አልኩት፤ እርግጠኛ ግን አልነበርኩም።

ቀን አምስት፤ ሰኞ

በጠራራ ፀሐይ፣ ደወል ደውለን ገባን። ባለቤታቸው አንቲ ዶሪን ሳሎኑን አሳምረው ጠበቁን። ተቀመጡ አሉን። በአገራችን ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማለት አይቀመጥም፤ እኛም ቆመን ቀረን። አንቲ ዶሪን ወንበሩ ቆሽሾ መሰላቸውና በጨርቅ ጠረጉት። አሁንም አልተቀመጥንም። ሌላ ወንበር አመጡ። አንክል ፍሬድ "ዕቃ ልታወርዱ ነው የመጣችሁት?" ሲሉ ሸምሱ ልማዳችንን አስረዳ። እሳቸው በጥሞና ሰሙና "እኔ ደግሞ ለቆመ ሰው አላነብም" አሉ። ተቀመጥን።

ቡላውን አቀረብኩ። ወጥ ቤት ናቸውና ዓይናቸው በራ፤ በጣታቸው አሹት፣ ቀመሱት፣ ስንት ጊዜ ሳይበላሽ እንደሚቆይ ጠየቁኝ። ለብዙ ጊዜ እንደሚቆይ፣ በወተትና በቅቤ ሲሠራ እኛ አተካና የምንለው የክብር ምግብ እንደሚሆን ነገርኳቸው። "ይህ መርከቧ ላይ ቢኖረኝ ኖሮ" ብለው ጥቅሉን መልሰው አሰሩት። ክላሴሩ ተከፈተ። ሜሊሳ እናቷ አጠገብ እጆቿን ጭኖቿ መሐል አድርጋ ተቀምጣለች። እኔ ምላሴን ነክሼ እንቅልፍን ከሩቁ እከላከላለሁ። ሸምሱ ያስተረጉማል።

መርከቧ ፈረንሳይ አገር ነው የተሠራችው። አንክል ፍሬድ የገቡት ቆየት ብለው ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ከሌሎች ሰምተው ነው የጻፉት። ያኔ ሥራዋ ልምምድና ለእንግዳ መታየት ነበር። ባለሥልጣን ይመጣል፣ ባንዲራ ይሰቀላል፣ ኬክ ይጋገራል። ከዚያ ጦርነቱ ጠና፤ በኬፕ ታውን አቅራቢያ ካለው ሰፈሯ ተነስታ በአትላንቲክ ዳር ወደ አንጎላ መመላለስ ጀመረች።

ጉዞውን ሁሉ የጻፉት በወጥ ቤት ዓይን ነው። ለሳምንታት የሚበቃ ስንቅ የሚቀመጥበት ቦታ ስለሌለ ድንች ሻወር ውስጥ ይከመራል፤ ማንም አይታጠብማ። የታሸገው ምግብ መተላለፊያው ላይ ይደረደርና ሳንቃ ይደረግበታል። ሰው በምግቡ ላይ ይሄዳል፤ ረጃጅሞቹ ጎንበስ ብለው። በየቀኑ እየተበላ ወለሉ ዝቅ ይላል። "ወለሉን በልተን ስንጨርስ ወደ ቤት የምንመለስበት ጊዜ እንደደረሰ እናውቃለን" ብለው አነበቡ። እኔ ይህን ስሰማ እንቅልፍ የሚባል ነገር ጠፋብኝ። የእኛ ጀልባ ማታ ወደብ ትገባ ነበር፤ ሽሮ በልተን ነበር የምንተኛው።

አንዳንዴ ወታደሮች ይጫናሉ። መርከቧ ከባሕር ዳርቻው ራቅ ብላ ታወጣቸዋለች፣ በጎማ ጀልባ ይሄዳሉ፣ እሷ ውሃ ውስጥ ጠልቃ ትጠብቃለች። ሲመለሱ ብርዱ ያንቀጠቅጣቸዋል፤ የአንክል ፍሬድ ሥራ ትኩስ ሾርባ ይዞ መቆም ነው። በሄዱት ልክ ሳህን ይደረድራሉ። አንድ ጊዜ አንድ ሳህን ተረፈ። እሳቸውም ወደብ እስኪደርሱ ድረስ በየምግቡ ሰዓት ያቺን ሳህን ከሌሎቹ ጋር አቀረቡ። እዚህ ላይ መነጽራቸውን አወለቁና አንቲ ዶሪን ውሃ ሰጧቸው።

አንክል ፍሬድ የአገሩ ሰዎች ከለርድ ከሚሏቸው ናቸው፤ ከነጭም ከጥቁርም የተወለዱ፣ የዚያን ዘመን መንግሥት ለብቻ መድቦ ያኖራቸው የነበሩ ሕዝቦች። "ከባሕር በታች ሁላችንም ከአንድ ድስት ነበር የምንበላው" አሉ። "ወደብ ስንደርስ ጓደኞቼ በሚገቡበት ሆቴል እኔ አልገባም ነበር።" ይህን ከወረቀቱ አላነበቡም። የእኔም መንግሥት የሚያኮራ እንዳልነበር ነገርኳቸው። እሳቸውም የምጽዋን ሙቀት ጠየቁኝና ስለ ሙቀት ተጫወትን።

ምዕራፍ አምስት ረጅሙ መጥለቅ ነው። አንድ ቀን ከላይ የጠላት መርከብ እየዞረ ይፈልጋቸው ጀመር። ሞተር ጠፋ፣ ጥልቁ ውስጥ ዝም ብለው ቆሙ። አየር ማስገባት የለም። አዛዡ አንድ ትእዛዝ ሰጠ፤ ተራ ላይ ካሉት ጥቂቶች በቀር ሁሉም ሰው ተኝቶ እንዲያንቀላፋ። የተኛ ሰው ትንሽ ነው የሚተነፍሰው፤ አየሩ ለነቁት ይተርፋል። ምድጃ አይለኮስም። አንክል ፍሬድ የታሸገ የኮክ ፍሬ በማንኪያ እያዞሩ ለነቁት ብቻ አጎረሱ። አየሩ እየከበደ ሄደ፤ ራስ ይፈልጣል፣ የእጅ ጣት ይደነዝዛል። ከአንድ ቀን በላይ እንዲያ ቆዩ። የላይኛው መርከብ ተስፋ ቆርጦ ሄደ።

ሸምሱ ተርጉሞ ጨረሰ። እኔ ለምን እንደመጣሁ የገባኝ ያኔ ነው።

"አንክል ፍሬድ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት" አልኩ። "መርከቧ ላይ ተራውን የጨረሰ ሰው ምን ያደርጋል?"

"ይተኛል።"

"ተኝቶ ቢገኝ ይቀጣል?"

"ተነስቶ ቢዞር ነው የሚቀጣው። አሁን አነበብኩልዎት እኮ።"

"እርስዎስ የተኛ ሰው ቀስቅሰው ያውቃሉ?"

ቀና አሉ። "አንድም ቀን። ጫማዬን አውልቄ በካልሲ ነበር የምሄደው። ድስትና ክዳን ሲጋጭ ከእኔ ወጥ ቤት ተሰምቶ አያውቅም።"

"እንግዲያው ስለ ታምራት ልንገርዎት። እዚህ የመጣ ቀን ተራውን ጨርሶ ነው የመጣው። ሱቁን የከፈተው ሳይነጋ ነው። ከዚያ በፊት ባለው ሌሊትም አልተኛም፤ ሌባ በጣራ ቢገባ የሚያነቃው ቆርቆሮ አንጠልጥሎ በጆሮው ነው የሚያድረው። አብሬው አድሬ አይቻለሁ። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ነው። እርስዎ ቤት ያንቀላፋው ታሪኩ ሰልችቶት አይደለም። በሩ ተዘግቷል፣ ምግብ በልቷል፣ የቤቱ ጌታ ነቅተው እያነበቡ ነው። ለአንድ ቀን እንኳ ሌላ ሰው ተራውን የያዘለት መሰለው።"

ሸምሱ ቃል በቃል ተረጎመው። ሲጨርስ የራሱን ጨመረ፤ "እኔም እዚህ አገር አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው፤ እንደዚያ ተኝቼ አላውቅም" አለ። ሜሊሳ እያለቀሰች ነበር። አንክል ፍሬድ ማንንም አላዩም፤ የሚያዩት በመስኮቱ በኩል ያለውን ባለመደገፊያ ወንበር ነው። ታምራት የተኛበት እሱ እንደነበር በኋላ ሜሊሳ ነገረችኝ።

"ገና አልጨረስኩም" አሉና ምዕራፍ ስድስትን በዝቅተኛ ድምፅ አነበቡ። ጦርነቱ አለቀ፤ አገሩ ተለወጠ፤ ሆቴሉም ተከፈተላቸው፣ ገብተው አንድ ሻይ ጠጥተው ወጡ። መርከቧ አረጀች፣ ባንዲራዋ ወረደ፣ ተቆራርጣ ለብረት ተሸጠች። እሳቸው ጭልፋቸውን ይዘው ወደ ጆሃንስበርግ መጡና የማዕድን ሠራተኞች ወጥ ቤት ሆኑ። ክላሴሩን በእርጋታ ዘጉት። እሺም እንቢም አላሉም። አንቲ ዶሪን እስከ በሩ ሸኙን፤ የእጅ ሥራቸው የሆነ ኬክ በፌስታል ሰጡኝ።

"ዝም ካሉ ጥሩ ነው" አለ ሸምሱ መኪና ውስጥ። "እኛ አገር ቢሆን ገና ሁለት ጊዜ እንመላለስ ነበር።" ኬኩን እየበላን ሄድን፤ ልቤ ቀለል ብሎኝ ነበር።

ቀን ስድስት፤ ማክሰኞ

ታምራት ግን ሌሊቱን ሁሉ ሲገላበጥ አደረ። እሺ ካላሉ ምን አሉ፣ ፊታቸው እንዴት ነበር፣ ሲሰነባበቱ እጅህን ጠበቅ አድርገው ነው የያዙት ወይስ ላላ አድርገው፣ እያለ ደጋግሞ ጠየቀኝ። ጧት አንዲት ደንበኛ ዘይት ስትጠይቀው ሳሙና ሰጣት። እኔ የአገር ቤት ትዕግሥቴን ይዤ ለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀምጬ ነበር፤ እሱን ሳየው ግን ጭንቀቱ ለእኔም ተረፈ።

ከሰዓት በኋላ፣ በእኛ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ አንድ ታክሲ ከሱቁ ፊት ቆመና አንክል ፍሬድ ብቻቸውን ወረዱ። ወፍራም ካፖርት ለብሰዋል። ኮዝሞ ሲቲ መጥተው አያውቁም፤ ሁለት ታክሲ ቀያይረው፣ ሰው እየጠየቁ ነው የደረሱት። ታምራት ሮጦ የብረቱን በር ከፈተላቸው።

ገቡ። ሰላም ካሉን በኋላ መደርደሪያውን፣ ጆንያውን፣ መሬት ላይ የተነጠፈውን ካርቶንና ብርድ ልብስ ቀስ ብለው አዩ። ልክ መርከብ እንደሚፈትሽ ሰው ምንም ሳይነኩ ዞሩ።

"ዛሬ ስንት ሰዓት ከፈትክ?" አሉት።

"አምስት ሰዓት፣ አንክል።"

ሰዓታቸውን አዩ። ካፖርታቸውን አውልቀው ሚስማር ላይ ሰቀሉ። "ተራህ አልቋል። ሂድ ተኛ።"

ታምራት ወደ እኔ ዞረ። የሰማው ነገር በትክክል ገብቶት እንደሆነ እንድነግረው የፈለገ ይመስላል። "ዋጋውን አያውቁትም አንክል" አለ።

"ተጽፎበታል። ማንበብ እችላለሁ።"

ከጀርባ ሄዶ አልጋው ላይ ጋደም አለ፣ ጫማውን እንኳ አላወለቀም። ለጥቂት ጊዜ እንደነቃ ከአተነፋፈሱ ይታወቅ ነበር። ከዚያ አተነፋፈሱ ረዘመ። ውጭ ውሻ ጮኸ፤ ቀና አላለም። አንክል ፍሬድ የመኝታውን መጋረጃ ስበው ዘጉና በፍርግርጉ ፊት ወንበር ይዘው ተቀመጡ።

አንዲት ሴት ልጇን አዝላ መጣችና በመስኮቱ "ማይ ፍሬንድ! ማይ ፍሬንድ!" እያለች ብረቱን በሳንቲም መታችው።

አንክል ፍሬድ ከወንበራቸው ተነስተው ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ።

"ቀስ በይ እማማ" አሏት። "ልጄ ተኝቷል።"